የሞቱትን አስቀርቶ በሕይወት ያሉትን ስለ ሰረዘው የኮምፒውተር ዕቅድ

ቀን፦ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደጋ ላስታ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን
የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ለክቡር መሪጌታ ወልደ ሰንበት ገለቴ
ላሊበላ

አመልካች፦ ታፈረ ገብረ ሚካኤል፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ሥራውን የሚያውቁትን ወጣት ሠራተኞች አግልሎ የታቀደው የኮምፒውተር ሥርዓት ያደረሰው ጥፋት እንዲመረመር፣ በወ/ሪት ንጋት ደሳለ ላይ የተወሰነው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ዝውውር እንዲነሣ፣ የእኔም ጥፋት በስሜ እንዲጻፍ ስለ መጠየቅ

ክቡር መሪጌታ፣

ይህን ማመልከቻ የምጽፈው በእጄ ነው። የጽሕፈት ክፍሉ እንዲተይብልኝ ሰጥቼ ነበር፤ ሁለት ቀን አስቀምጦ «ሥራ አስኪያጁ ሳያዩት አይተየብም» ብሎ መለሰልኝ። ሥራ አስኪያጁ ቀድመው እንዲያዩት ብፈልግ ኖሮ ለእርሳቸው እጽፍ ነበር።

፩. እኔ አመልካቹ፣ ዩኒየኑ ገና ትንሽ ማኅበር ሳለ ጀምሮ በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ አምስት ወር ነው። ከሙጃ እስከ ኮን ያሉት አባሎቻችን ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ከካርዳቸው ሲሶው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ኮምፒውተር አላውቅም። ማብራት እችላለሁ፤ ማጥፋት ግን ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌሎች እንዳይቀድሙኝ ነው። በዚህ ጉዳይ ከተሾምነው ሰዎች መካከል አለማወቁን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው እንደ ነበረም ቦርዱ እንዲረዳልኝ ነው።

፪. የዩኒየኑ ሥራ አጭር ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመኪና ተቀብሎ፣ ዝናቡ ሳይቀድም ለገበሬው ማድረስ ነው። ቢሮው፣ ማኅተሙ፣ ስብሰባው፣ የእኔም መዝገብ ቤት የቆሙት ለዚህ ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ እርስዎ ራስዎ አራሽ ነዎት። ነገር ግን በዋናው መሥሪያ ቤት የረሱት ስላሉ ከዚህ መጀመር ግድ ሆነብኝ።

፫. በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ አቶ ውቤ፣ የአባላት ምዝገባና የዘር ስርጭት በኮምፒውተር እንዲሆን ወሰኑ። ውሳኔው በራሱ ክፉ አልነበረም። የወረቀቱ አሠራር ለአድልዎ ይመች እንደ ነበር አልክድም፤ የቅርብ ዘመድ ያለው ቀድሞ ሲወስድ፣ ዘመድ የሌለው ሲጉላላ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ።

ለዕቅዱ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የግዥ ኃላፊው፣ እኔ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት አማካሪ አቶ አዳም። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አማካሪውን ትቼ፣ እኛ አራታችን ስለ ኮምፒውተር የምናውቀው ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ ብቻ ነው። የሚጠሩት ደግሞ ወጣቶቹ ሠራተኞች ነበሩ። እነርሱ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አልታጡም። ወንበር አመላልሰዋል፣ ፕሮጀክተር ገጥመዋል፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በደንብ መታየቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሩን ዘግተው እንዲወጡ ተነግሯቸዋል።

አማካሪው ለጥናት ብለው ላሊበላ ሁለት ቀን ቆዩ። አንዱን ቀን ቤተ ክርስቲያኖቹን ጎበኙ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጥናቱ አለቀ።

፬. ወ/ሪት ንጋት ደሳለ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት። በመረጃ ሠራተኛነት ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። አትዛመደኝም፤ አባቷ የነአኩቶ ለአብ ሰው ነው፣ እኔ የቡግና ነኝ። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር አልወዳትም ነበር። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የምትሠራ ሰው ሥራ የምትሠራ አይመስለኝም ነበር። ስታየው ባገኘኋት ቁጥር «ይህም ደመወዝ ይበላል» እል ነበር በልቤ።

ይህች ልጅ ማንም ሳያዛት ከጥር እስከ መጋቢት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቴ እየመጣች ካርዶቹን በራሷ ላፕቶፕ መገልበጥ ጀመረች። አንድ ቀን የአንዲት ሴት አራት ካርድ ይዛ መጣች። አንዱ ጸሐፊ ስሟን በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ፣ አራተኛው እንደ መጣለት ጽፎታል። እኔ የጸሐፊዎች ድንቁርና ነው ብዬ ልሸኛት ፈለግሁ። እርሷ ግን ተቀመጠች።

«ጋሽ ታፈረ፣ ለእኛ ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ካልነገርነው አራት ሴቶች ናቸው ይላል» አለችኝ።

ቀጥላም ሁለተኛውን ችግር አሳየችኝ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሰዎች አሉ። በእኔ ካርድ ላይ የአያት ስምና የጎጥ ስም ስላለ አይምታቱም። አማካሪው ባቀረቡት ቅጽ ላይ ግን የአያት ስም ቦታ የለውም፤ ጎጥም የለም። ስሙም የሚገባው በፈረንጅ ፊደል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ጠብቄ ይህን እኔ አላየሁትም፤ ያየችው ደመወዝ ትበላለች ያልኋት ልጅ ናት።

፭. በመጋቢት መጨረሻ ዘጠኝ ገጽ ጽፋ ለኮሚቴው አስገባች። ዘጠኙ ገጽ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል፤ እዚህ ፍሬውን ብቻ እጠቅሳለሁ።

ስም በራሳችን ፊደል ይመዝገብ፤ በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደላት ለፍለጋ ሲባል እንደ አንድ ይቆጠሩ። የአያት ስምና ጎጥ ይኑር። ሥርዓቱ ያለ ኔትወርክም የሚሠራ ይሁን፤ የየቀበሌው ማኅበር ጸሐፊ በስልኩ መዝግቦ፣ ለገበያ ሲወርድ ከዋናው ጋር ያገናኘው። መጀመሪያ በሁለት ቀበሌ ይሞከር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ስድስተኛው ገጽ ነበር። ልጅቱ ዕድሜያቸው ከሠላሳ በታች የሆኑትን አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠይቃ፣ አስቀምጣም ፈትና፣ ምን እንደሚችሉ ጽፋለች። ስልክ ሁሉም ያውቃሉ። የተዘጋጀ ሠንጠረዥ መሙላት የሚችሉ አሥራ አንድ ናቸው። ሠንጠረዡን ራሱን መሥራት የሚችሉ አራት። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የሚያውቁ ሁለት ብቻ። ከሥሩም «ስልክ መያዝና ሥራ መያዝ አንድ አይደለም፤ ዕቅዱ ያለውን ችሎታ ለክቶ መነሣት አለበት፤ ለጎደለው የሁለት ወር ሥልጠና ያስፈልጋል» ብላለች። ስለ ገዛ እኩዮቿ ነው ይህን የጻፈችው። አላሞገሰችም፣ አላዋረደችም፤ ለካች። በዚህ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ሥራውንና የሚሠራውን ሰው አብሮ ሲለካ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

፮. ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በኮሚቴው ፊት አሥር ደቂቃ ተፈቀደላት። ያገኘችው ሰባት ነው፤ ሦስቱን ሥራ አስኪያጁ ስልክ አነጋገሩበት። አቶ አዳም ሥርዓቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመሰከረለት መሆኑን አስረዱ። እርሷም ከሙጃ ወዲያ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥርዓቱ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። አማካሪው ኔትወርክ እንደሚኖር ታሳቢ ተደርጓል ብለው መለሱ። ክቡር መሪጌታ፣ ሰውየው ከእኛ አገር የጎደለውን ሁሉ በአንድ ቃል ሞልተው አለፉት። እንዲህ ከሆነ ዝናቡንም ታሳቢ ማድረግ ይቻል ነበር።

አቶ ውቤም በአባትነት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ዕቅድ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው። ሥራው ሲጀመር አንቺ ታግዢናለሽ» አሏት። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

የዕለቱን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቁጥር አራት ላይ «ከሠራተኛዋ የቀረበው ሐሳብ በልምድ ማነስ የተሰነዘረ በመሆኑ ታልፏል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የእኔ ነው። ማንም አላስጻፈኝም። ካርዶቹን አብሬያት ያየሁ እኔ፣ ልክ መሆኗን የማውቅ እኔ፣ ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው እንዲያዩኝ ብዬ ጻፍሁት። አዩኝ። ዐረፍተ ነገሩን አንብበው «ታፈረ ብዕር ታውቃለህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ስብሰባ የሥልጠናው ሁለት ወር ከዕቅዱ ወጣ። ምክንያቱም በቁጥር ስድስት ተጽፏል፤ «ወጣቶቹ ሠራተኞች ለቴክኖሎጂ ቅርብ ስለሆኑ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም» ይላል። ቁጥር አራትና ቁጥር ስድስት በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። በአራት አያውቁም ብለናል፤ በስድስት ያውቃሉ ብለናል። አምስት ሽማግሌዎች ከሥሩ ፈርመናል። ቦርዱም አጽድቆታል፤ ማኅተሙ ከእርስዎ ፊርማ በላይ ነው። አንብበውት ይሆን ብዬ ለመጠየቅ አቅም የለኝም፤ እኔ ጽፌው እንኳ አላነበብሁትም።

፯. ሥርዓቱ ተገዝቶ መጣ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ለገብስ ዘር ስርጭት ሥራ ላይ እንዲውል ታዘዘ። ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት ካርዶቹ በሙሉ ከመዝገብ ቤት ወጥተው በግቢው ባለው ኮንቴይነር ውስጥ ተቆለፈባቸው። «ወረቀት ቀርቷል፤ ስሙ በኮምፒውተር ለሌለ ሰው አንድ ፍሬ እንዳይወጣ» የሚል መመሪያ በሁሉም መጋዘን ተለጠፈ።

ስሞቹ በፈረንጅ ፊደል ሲገቡ፣ ኮምፒውተሩ ተደጋጋሚ ናቸው ያላቸውን ስድስት መቶ አርባ ሰዎች በራሱ ሰረዘ። አቶ ውቤ ይህን በስብሰባ ላይ እንደ ድል ነው የነገሩን፤ የሐሰት አባላት ተጣሩ ተባለ። ማን እንደ ተጣራ ያየ የለም፤ ማመሳከሪያው ካርድ በኮንቴይነር ውስጥ ነው።

ስርጭቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን በሙጃም በኮንም ዳታ ጠፋ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። መጋዘኑ በገብስ ዘር ተሞልቷል፤ ገበሬው በር ላይ ቆሟል፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች ማንም ያላሠለጠናቸውን ነገር ከፍተው የሚሽከረከር ክብ ያያሉ።

፰. ከሙጃ መጋዘን የተደወለው ለአቶ ውቤ ነበር፤ ጠብቁ አሉ። ቀጥሎ ለአማካሪው ተደወለ፤ ስልካቸውን አላነሡም። በመጨረሻ ለንጋት ተደወለ። ልጅቱ በማግስቱ በራሷ ወጪ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ሙጃ ገባች። መዝገብ ቤቴ ተቀምጣ የገለበጠችው ዝርዝር በላፕቶፗ ውስጥ ነበር። ከሁለት ወጣት ሠራተኞች ጋር ሆና፣ ስምን ከነአያቱና ከነጎጡ እያመሳከረች፣ ተረካቢውን በወረቀት እያስፈረመች፣ በሦስት ቀን ለአራት መቶ አሥራ ስምንት አባላት ዘር አወጣች። ሰኔ ሳይገባ ሙጃ ዘሩን ይዞ ወደ ማሳው ተመለሰ። በኋላ የኦዲት ሠራተኛ ሄዶ ቆጥሮታል፤ በመጋዘኑ የቀረውና የወጣው ሲደመር አንድ ኩንታል አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም።

ይህን ሁሉ ስታደርግ መመሪያ ጥሳለች። እውነት ነው፤ ጥሳለች።

፱. አሁን የምጽፈውን ቦርዱ ከሌላ ሰው አይሰማውም። በዚያው ሳምንት እኔ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ በጋሸና በኩል ኮን ተልኬ ነበር። ሥራዬ በኮን መጋዘን ወረቀት እንዳይገባ መቆጣጠር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት የጠበቀ ሰው ወረቀት እንዲያባርር ተላከ፤ እኔም አበል ተቀብዬ ሄድሁ።

ንጋት ከሙጃ ደወለችልኝ። ዳታ ቢጠፋም ስልኩ ይሠራ ነበር። ኮን ያለችበትን የዋድላን ካርዶችም ገልብጣቸዋለች፤ በፍላሽ አድርጋ በሾፌር ልትልክልኝ፣ ወይም ሙጃ እንዳለቀላት ራሷ ልትመጣ ፈለገች። «በእርስዎ እጅ የተጻፉት ካርዶች እኮ ናቸው፤ ሰዎቹን ያውቋቸዋል» አለችኝ። መመሪያ አለ አልኋት። «እሺ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሙጃን እንደ ጨረሰች በአስቸኳይ ላሊበላ እንድትመለስ ታዘዘች፤ ኮን አልመጣችም።

በማግስቱ ወ/ሮ ፀሐይቱ ምሥጋናው መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከኮን የአምስት ሰዓት መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነበር። በዚያው ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሌላ ሴት ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ የሞቱትን አስቀርቶ በሕይወት ያሉትን ሰርዟል። ዳታው ከመጥፋቱ በፊት የታተመው ዝርዝር በእጄ ነበር፤ የሟቿ መለያ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የወ/ሮ ፀሐይቱን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በ1990 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ሲመጡ። አወቅኋቸው። እርሳቸውም አወቁኝ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ።

«ስምዎ የለም» አልኋቸው።

አልተቆጡም። በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ዝርዝሩን አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። «እኔ ከሌለሁ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ማነው?» አሉኝ።

 መመሪያው በር ላይ ተለጥፎ ስለ ነበር ወደ እርሱ አመለከትሁ። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት አሳየሁ። ከኋላዬ ሦስት መቶ ሰማንያ ኩንታል ገብስ ተቆልሏል። ሴትዮዋ ዞረው ሄዱ። ሲርቁ አየኋቸው፤ አልጠራኋቸውም።

፲. ዳታው ሲመለስም የተሰረዙትን ስም የመለሰ ስላልነበረ፣ በኮን የቀረው ዘር እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ አለ፤ ነቀዝ ገብቶበታል። በዚህ ወር መጀመሪያ ፈቃድ ወስጄ ወ/ሮ ፀሐይቱ ማሳ ድረስ ሄጄ ነበር። ግማሹን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥተውታል። በቀረው ላይ ከጎረቤት የለመኑትን ድብልቅ ዘር በሐምሌ አጋማሽ ዘርተው ነበር፤ ሳያፈራ ውርጭ መታው። ገብሱ ቆሟል፤ ነጭ ነው። አንድ ዛላ ቆርጬ በመዳፌ አሸሁት፤ ገለባ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከደጃፋቸው ሆነው ያዩኝ ነበር። ይቅርታ ልል ነው የሄድሁት፤ እርሳቸው ግን እንግዳ ነው ብለው ጠላ አቀረቡልኝ፤ እያፈርሁ ጠጣሁ። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በዋድላ በኩል ብቻ ሁለት መቶ ሰባት እንደሆኑ ከቀበሌ ጸሐፊዎች አጣርቻለሁ፤ ዝርዝሩ ተያይዟል።

፲፩. ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አሳፋሪ ስለሆነ በአጭሩ ልበለው። ጥፋቱን እንዲያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ዕቅዱን ያወጣነው እኛው ነን። ሌባ በራሱ ላይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ እንኳ ቢያንስ ልብስ ይቀይራል፤ እኛ በዚያው ወንበር፣ በዚያው አዳራሽ ተቀመጥን። ለቦርዱ የቀረበው ሪፖርት ለመዘግየቱ ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው «የወጣት ሠራተኞች የቴክኖሎጂ ክህሎት ማነስ» ነው። ሥልጠናቸውን የሰረዝነው እኛ መሆናችን አልተጻፈም። ሙጃ በጊዜ መዝራቱ ግን «በአመራሩ ክትትል» ተብሎ ተጽፏል። ለማቀድ ሲሆን ልጆች፣ ለመሥራት ሲሆን ሊቃውንት፣ ለመቀጣት ሲሆን ኃላፊዎች፤ እንዲህ አድርገን ነው የያዝናቸው። እኔ በዚህኛው ሪፖርት ላይ አልፈረምሁም፤ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ይህም ጀግንነት አይደለም።

ንጋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከመረጃ ሥራ ተነሥታ መብራት ወደሌለበት ቅርንጫፍ በመጋዘን ረዳትነት ተዛወረች። ከአሥራ ዘጠኙ ወጣቶች ሰባቱ እስከ ዛሬ ሥራ ለቀዋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ከሚያውቁት ሁለቱ አንደኛው ከእነርሱ ጋር ነው፣ ሌላኛዋ ዛሬ ጆንያ ትቆጥራለች። ይህ በእንዲህ እንዳለ አቶ ውቤ «ሁለተኛው ምዕራፍ» የሚባል ዕቅድ ለማውጣት ያንኑ አማካሪ በድጋሚ ጠርተዋል። ኮሚቴውም ያው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሞቱትን አስመዝግበናል፤ በሁለተኛው ምን እንደምናስመዘግብ ማሰብ አልፈልግም።

፲፪. ይህን እንደምጽፍ ለንጋት ነግሬያት ነበር። እንዳልጽፍ ለመነችኝ። «እኔ ወጣት ነኝ፤ ሌላ ቦታ እሠራለሁ። እርስዎ አምስት ወር ነው የቀረዎት፤ በጡረታዎ ላይ ነገር አያምጡ» አለችኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ መሆኔን አታውቅም መስሎኝ ነገርኋት። ታውቅ ኖሯል። ቃለ ጉባኤው እንዲተየብ የተሰጠው ለእርሷ ነበር።

ስለዚህ ቦርዱን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) በወ/ሪት ንጋት ደሳለ ላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ከግል ማኅደሯ ወጥቶ፣ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፤

ለ) ዘጠኙ ገጽ በቦርዱ ፊት በራሷ አፍ እንዲቀርብ። የተፈቀደላት ጊዜ እስኪያልቅ ማንም ስልክ እንዳያነሣ፤

ሐ) ሁለተኛው ምዕራፍ ከመታቀዱ በፊት፣ በሥርዓቱ የሚሠሩት ወጣት ሠራተኞች ምን እንደሚችሉና ምን እንደሚጎድላቸው ተለክቶ እንዲጻፍ፤ ከእነርሱም ሦስቱ በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ኖሯቸው እንዲቀመጡ። ወንበር የሚያመላልስ ሌላ ሰው ይፈለግ፤

መ) የተሰረዙት ስድስት መቶ አርባ አባላት ከካርዱ ጋር ተመሳክረው እስከ በልጉ ዘር ድረስ እንዲመለሱ፣ ኮንቴይነሩም እንዲከፈት፤

ሠ) ለቦርዱ የቀረበው ሪፖርት እንዲታረም፤ የኮን ጥፋት በወጣቶቹ ላይ ሳይሆን በፈረምነው በአምስታችን ስም እንዲጻፍ። የእኔ ስም መጀመሪያ ይሁን። በጡረታዬም ላይ የሚመጣ ነገር ካለ ይምጣ።

ክቡር መሪጌታ፣ ኅዳር 12 ቀን በኮን የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ እንዳለ ያውቃሉ። የዚያን ጊዜ ቦርዱ በድጋሚ ለመመረጥ ይቀርባል። እስከዚያ ቀን ለዚህ ማመልከቻ መልስ ካልተሰጠኝ፣ ማንበብ ለማይችሉት አባላት ቃለ ጉባኤውን ከቁጥር አንድ እስከ ፊርማዎቹ ድረስ እኔ ራሴ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ድምፄ ገና አልደከመም።

ለእርስዎ ካለኝ እውነተኛ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ታፈረ ገብረ ሚካኤል
(ፊርማ)

አባሪ፦
— የሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ፣ ሁለት ገጽ
— የወ/ሪት ንጋት ደሳለ ዕቅድ፣ ዘጠኝ ገጽ
— የሙጃ መጋዘን ርክክብ ዝርዝር፣ አሥራ አራት ገጽ
— በዋድላ በኩል ዘር ያላገኙ አባላት ዝርዝር፣ ሰባት ገጽ

ግልባጭ፦
ለወ/ሪት ንጋት ደሳለ፣ ባለችበት ቅርንጫፍ
ለአቶ ውቤ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲያውቁት